ግርሻና የጎደሉት ነጭ የደም ሕዋሳት

ግርሻ የልብስ ቅማል ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምተው የትኩሳት በሽታ ነው። ስሙ ከጠባዩ የወጣ ነው፤ አምስት ስድስት ቀን አንድዶ ይለቃል፣ ታማሚው ዳንሁ ብሎ ከተነሣ ከሳምንት ግድም በኋላ ያገረሽበታል። መንስኤው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ነው። በደም ውስጥ በብዛት ስለሚዋኝ ተራ ማይክሮስኮፕ ያለው የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ በአንዲት የደም ጠብታ ሊያየው ይችላል።

ደም ውስጥ የገባ ተሕዋስ መላ ሰውነትን ሲያናውጥ ሐኪሞች ሴፕሲስ ይሉታል፤ በተለምዶ የደም መመረዝ የሚባለው ነው። ግርሻ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ከዘመዶቹ ይለያል። በሌላው ሴፕሲስ ታካሚው ሐኪም ቤት ሲደርስ መናወጡ መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። በግርሻ ግን ትልቁ መናወጥ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ስለሆነ ሰዓቱ ይታወቃል፤ ከመርፌው በፊትም በኋላም ደም መቅዳት ይቻላል። የሕክምናው ዓለም በሴፕሲስ ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት ለምን ድንገት እንደሚጎድሉ፣ በዚያው ሰዓት ደም ውስጥ ምን እንደሚፈስ ካወቀው ከፊሉን ያገኘው በዚህች ልዩነት ምክንያት ከኢትዮጵያውያን የግርሻ ታማሚዎች ደም ነው።

በሽታው የደጋ በሽታ ነው። በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተከበበው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም፣ ብዙው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሰው በጋቢ ላይ ባና ደርቦ፣ ቤተሰቡ ተጠጋግቶ ያድራል፤ የማገዶና የውሃ እጥረት ባለበት ልብስ መቀቀል ቀላል አይደለም። ለልብስ ቅማል ከዚህ የተሻለ ኑሮ የለም። ቅማሉ የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ሆኖ የሰውን ሙቀት ተጠግቶ ነው፤ ሰውነቱ በትኩሳት ሲግል ወይም በሞት ሲቀዘቅዝ ግን ጥሎት ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ግርሻ በንክሻው አይተላለፍም። ባክቴሪያው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቅማሉ ሲፈነዳ በተላጠ ቆዳ በኩል ይገባል። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መቀማመል፣ ቅማሉን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል ማፍረጥ፣ ራሱ አንዱ የመያዣ መንገድ ነበር።

ረሃብ፣ ጦርነትና እስር ቤት ባለበት ሁሉ ግርሻና ተስቦ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ሁለቱንም የሚያመጣው ያው ቅማል ስለሆነ ለረጅም ዘመን ተለይተው አልታወቁም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ ሕዝቡ ሲሰደድ፣ ረሃቡን ተከትለው ከመጡት ወረርሽኞች አንዱ ተስቦ ነበር። በዚያ ስም ከተመዘገበው ሞት የግርሻ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ በአገሩ አልነበረም። በአውሮፓ ግን መለያው ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ወጣት የበርሊን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 በታማሚዎች ደም ውስጥ ጠመዝማዛውን ተሕዋስ አይቶ ግኝቱን በ1873 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የኮሌራን መንስኤ ሲፈልግ በኮሌራ ሞተ። ቅማል አስተላላፊው መሆኑን ያመለከተው ደግሞ ማኪ የተባለ በሕንድ የነበረ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1907 ነበር።

ሁለተኛው የታሪኩ ክር የሚጀምረው ከቂጥኝ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አዶልፍ ያሪሽ በኦስትሪያ፣ በ1902 ደግሞ ካርል ሄርክስሃይመር በፍራንክፈርት፣ የቂጥኝ ታማሚዎች በሜርኩሪ ሲታከሙ ሽፍታቸው ከመሻሉ በፊት ለጥቂት ሰዓታት እንደሚብስ መዘገቡ። ጠባዩ በሁለቱ ስም ያሪሽ–ሄርክስሃይመር ተባለ። የቂጥኝ ተሕዋስም እንደ ግርሻው ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ በኋላ ግርሻ በአርሴኒክ መድኃኒት፣ ከዚያም በፔኒሲሊንና በቴትራሳይክሊን መታከም ሲጀምር ያው ነገር ታየ፤ በግርሻ ግን እጅግ ይከፋል። መርፌው ከተወጋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ግድም በኋላ ታማሚው አልጋው እስኪነቃነቅ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ወደ 41ና 42 ዲግሪ ይወጣል፣ ደም ግፊቱ መጀመሪያ ይጨምራል። ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል፣ ገላው ይቀላል፣ ግፊቱ ይወድቃል። ጥቂቶች እዚህ ላይ ይሞታሉ። የሚገርመው፣ በዚያው ሰዓት ደሙ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ባክቴሪያው ከደሙ እየጠፋ ነው። ሰውየው ሊሞት የሚቃረበው መድኃኒቱ ሲያሸንፍ ነው።

በዚህ መካከል ሌላም ነገር ተገኘ፤ ከግርሻ ጋር የተገናኘው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ ቲሌትና ፍራንሲስ በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ፣ በሽታው ሲበረታ የሚጨምርና ሲሻል የሚጠፋ ፕሮቲን አገኙ። ዛሬ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ ባጭሩ ሲአርፒ፣ የሚባለው ነው። የሚመረተው በጉበት ነው እንጂ በነጭ የደም ሕዋሳት አይደለም።

አዲስ አበባ በታሪኩ ውስጥ የገባችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ገና መከፈቱ ነበር። በከተማው ሆስፒታሎች በየዝናቡ ወራት የግርሻ ታማሚ ይሞላ ነበር፤ አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ ከደጋ አገር የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ ለማኞችና የጎዳና አዳሪዎች ነበሩ። ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይስሰን፣ ዴቪድ ዋረልና የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ጣቢያ ባልደረባ የነበረው ፒተር ፔሪን እነዚህን ታማሚዎች በየሰዓቱ መከታተል ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሾፊልድ፣ ታልቦት፣ ብራይስሰንና ፓሪ በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ጉዳዩን ከርእሱ ጀምሮ የነጭ የደም ሕዋስ ማነስና የትኩሳት ጉዳይ አደረገው። የግርሻ ታማሚ ሆስፒታል ሲገባ የነጭ የደም ሕዋሱ ቁጥር በአብዛኛው ደኅና ነው፤ እንዲያውም ከፍ ሊል ይችላል። ከመርፌው በኋላ፣ ከመንቀጥቀጡ ጋር፣ ቁጥሩ በድንገት ይወርዳል። በጤነኛ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ያህል ሊገኝ የሚገባው ሕዋስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ናሙናው ይሰወራል፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ይህ ፍጥነት ራሱ ምስክር ነው። ሕዋሱን የሚሠራው መቅኔ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ለማገገም ቀናት ይፈልግ ነበር። በሰዓታት ጠፍቶ በሰዓታት የሚመለስ ሕዋስ አልሞተም፤ ከሚፈሰው ደም ወጥቶ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ባክቴሪያውን ሊውጥ ሄዷል። የነጭ ሕዋስ ቁጥር ማነስ የመከላከያው አለመኖር ሳይሆን ጦሩ ከሰፈሩ ወጥቶ መዝመቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 የእነዚሁ ሐኪሞች ሰፊ ጥናት በ62 ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ ተመሥርቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ስለ ግርሻ የሚጽፍ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ነው። የልብ ሥራ፣ የመተንፈስ ሁኔታ፣ የፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ ሕዋስ) ማነስ፣ ነስር፣ የጉበት ጉዳት ሁሉ ተመዘገበ። ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት ትኩሳቱን ትንሽ ከማብረድ አልፎ መናወጡን እንደማያስቀር ታየ። ጥያቄው ከባክቴሪያው መሰባበር እስከ ሰውየው መንቀጥቀጥ ድረስ ያለውን መልእክት የሚያደርሰው ምንድን ነው የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው መልስ የተሳሳተ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ተመራማሪዎቹ በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ኢንዶቶክሲን፣ ማለትም እንደ ኮላይና ታይፎይድ ያሉ ባክቴሪያዎች ከገላቸው የሚለቁት መርዝ፣ እንዳለ የሚጠቁም ማስረጃ አቀረቡ። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፤ ኢንዶቶክሲን የተወጋ ሰው የሚያሳየው ምልክት ከግርሻው መናወጥ ጋር ይመሳሰላል፣ የነጭ ሕዋስ መውረዱን ጨምሮ። ይሁን እንጂ ከቦሬሊያ ዘመዶች ገላ ሲፈለግ ኢንዶቶክሲን አልተገኘም። ስሕተቱ ፍሬ ቢስ አልነበረም፤ መናወጡ የሚመጣው ከባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ ራሱ ከሚያመነጨው ነገር ነው የሚለውን መንገድ ጠርጓል። በዚያው አሥርት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ በኒው ዮርክ ቱመር ኔክሮሲስ ፋክተር፣ በአጭሩ ቲኤንኤፍ፣ የተባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ተገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የሴፕሲስ ድንጋጤ ዋና አዛዥ እሱ እንደሆነ ታመነ።

በኢትዮጵያ የነበረው ሁኔታ ግን ምርምሩን የሚያስቆም ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ መጣ፣ በኋላም የአሜሪካው ጣቢያ ተዘጋ፣ ብዙ የውጭ ሐኪሞች ሄዱ። ሥራው ግን ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1983 ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከዋረል ጋር ሆነው ሜፕታዚኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ መናወጡን እንደሚያለዝብ በላንሴት አሳወቁ፤ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የታከሙ 377 ታማሚዎች ሪፖርት ታተመ። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያውን ፈጥኖ ከደም ያጠፋል፣ መናወጡም ፈጥኖ ይመጣል። ቀስ ብሎ የሚሠራው ፔኒሲሊን ሲሰጥ መናወጡ ይዘገያል፣ ይረዝማልም፤ ግርሻውም ሊመለስ ይችላል። ሐኪም እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚመርጠው በእነዚህ ሁለት መካከል ነው።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. መጣ። ወሎ ተራበ፤ ሰው ቤቱን ጥሎ በየመንገዱ ዳርና በየመጠለያው ተከማቸ። ለቅማል ይህ ሠርጉ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ደግሞ በወታደሮች መጠለያ ግርሻ ወረርሽኝ ሆኖ ገባ። አሰላ ሆስፒታል ላይ ብቻ 389 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል። ጦርነቱ ያመጣው መከራ ለምርምሩ ታማሚ አበዛለት፤ ይህን መካድ አይቻልም።

እነዚህ ዓመታት በውጭው ዓለምም ለሴፕሲስ ወሳኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ የሳንባና የፅኑ ሕሙማን ሐኪሞች ማኅበራት ሴፕሲስ በምን እንደሚለይ ተስማሙ። ከአራቱ መለኪያዎች አንዱ የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ነበር፤ ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች። ከመጠን በላይ መብዛትም ከመጠን በታች መውረድም እኩል የአደጋ ምልክት ተባሉ። ይህን ለመረዳት አዲስ አበባ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት የታየውን ማስታወስ በቂ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የኢትዮጵያ፣ የአሜሪካና የብሪታንያ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በግርሻ ታማሚዎች ደም ውስጥ መልእክተኞቹን ራሳቸውን ለካ። ከ17 ታካሚዎች 14ቱ ከባድ መናወጥ አሳዩ። በእነሱ ደም ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 በእጥፍ ድርብ ጨምረው ከመናወጡ ጋር አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። ኢንተርሉኪን 8 የነጭ ሕዋሳትን ወደ ጦር ሜዳ የሚጠራ ድምፅ ነው፤ ኢንተርሉኪን 6 ደግሞ ጉበትን ሲአርፒ አምርት የሚል ትእዛዝ ነው። በ1968 በማይክሮስኮፕ የታየው መጥፋት አሁን በኬሚካል ስም ተጠራ።

ሰዓቱን መያዝ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 በጥቂት ሰዓት ወጥተው ይወርዳሉ። ሲአርፒ ግን በጉበት ተሠርቶ ደም ውስጥ እስኪበዛ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ ጫፍ የሚደርሰው ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በፈረንሳይ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጠቋሚ ሆኖ የታወቀው ፕሮካልሲቶኒን በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ሴፕሲስ ገና ሲጀምር፣ ነጭ ሕዋሱ በተሰወረበት ሰዓት የተለካ ሲአርፒ ገና ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን አይቶ ሰውየው ደኅና ነው ማለት ወደ ሞት መላክ ነው። በተቃራኒው፣ ነጭ ሕዋሱ ለቀናት ሳይመለስ ቢቀር ሲአርፒ መናገሩን አያቆምም፤ ምንጩ ጉበት ነውና።

ትልቁ ሙከራ የተደረገው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። መሪው ዳንኤል ፈቃደ ነበር፤ ከአጋሮቹ መካከል ዋረል ነበረበት። ለ20 ታማሚዎች ፔኒሲሊን ከመወጋታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ከበግ የተገኘ ፀረ ቲኤንኤፍ ተሰጠ፤ ለ29ኙ አልተሰጠም። ካልተሰጣቸው 26ቱ ተናወጡ። ከተሰጣቸው ግን 10 ብቻ ነበሩ። ትኩሳቱ በአማካይ ከ1.5 ዲግሪ ጭማሪ ወደ 0.8 ወረደ፤ የኢንተርሉኪን 8 ጫፍ ከ2,000 ናኖግራም ወደ 205። የአንድ ሴፕሲስ መሰል መናወጥ መልእክተኛ በሰው ላይ ተይዞ መናወጡ ሲቀንስ በዚህ ግልጽነት የታየው እዚህ ነው። በዚሁ ዓመት ፔንቶክሲፊሊን የተባለ ሌላ መድኃኒት ተሞክሮ መናወጡንም መልእክተኞቹንም ሳያስቆም ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1994፣ ከኢትዮጵያ ታማሚዎች የተገኘው ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ ማብቀያ ላይ አድጎ ነበር። በ1998 ደግሞ ኢንዶቶክሲን ሲፈለግበት የነበረው ቦታ ባለቤቱ ተገኘ፤ ቲኤንኤፍን የሚቀሰቅሰው በባክቴሪያው ልባስ ላይ ያለ ተለዋዋጭ ቅባታማ ፕሮቲን ነበር። ባክቴሪያው ከሰውነት መከላከያ ለማምለጥ የሚቀያይረው፣ በዚህም የሚያገረሽበት ልብስ ያው ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ተስፋ አልሠመረም። ፀረ ቲኤንኤፍ በአሜሪካና በአውሮፓ የሴፕሲስ ታማሚዎች ላይ በተደጋጋሚ ተሞክሮ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልሰጠም፤ ከበግ የተገኘው ዓይነት ሙከራም እ.ኤ.አ. በ2012 ቆመ። ምክንያቱን ለማወቅ የአዲስ አበባውን ሰዓት ማየት ነው። እዚያ መድኃኒቱ የተሰጠው ማዕበሉ ከመነሣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ነበር። የፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚደርስ ሰው ማዕበሉ አልፎት፣ ፍርስራሹ ቀርቶ ነው። በ2016 ሴፕሲስ እንደገና ሲተረጎም የነጭ ሕዋስ ቁጥር ከመለኪያው ወጣ፤ ፕሌትሌት ግን ገባ። ውሳኔው ለሀብታም ሆስፒታል ይመቻል። ቆጠራ እንጂ ሌላ በሌለበት ላቦራቶሪ ግን የወረደ ነጭ ሕዋስ ዛሬም ቢሆን መናቅ የለበትም።

መናቅ የሌለበትን ያህል በቀላሉ መተርጎምም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጎንደር የወጣ ጥናት በካላዛር ታማሚዎች ላይ የባክቴሪያ ሴፕሲስን ፈተሸ። ካላዛር ጣፊያን አሳብጦ፣ መቅኔን አዳክሞ ነጭ ሕዋስን ለሳምንታት ዝቅ ያደርጋል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የሚመለስ የደጋ ሰው ይዞት ሊመጣ ይችላል። ታይፎይድም ቁጥሩን ይቀንሳል። በእነዚህ በሽታዎች የወረደው ቁጥር የቆየ ነው፤ በግርሻ መናወጥ የወረደው ግን ከመርፌው ወዲህ ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ ተከታትሎ የተቆጠረ ሁለት ቁጥር ግን ይለያል።

ግርሻ ዛሬ ብዙ ቀንሷል፤ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በሊቢያ በኩል አውሮፓ የገቡ ስደተኞች ላይ ተገኝቶ የጀርመንና የጣሊያን ሐኪሞችን አስደንግጧል። በኢትዮጵያ ከተስቦ ጋር በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። እስር ቤቶች፣ የጎዳና አዳሪዎች፣ በጎጆ ተጨናንቀው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ይበልጥ ይጠቁበታል።

ለአጅባርም ሆነ ለሌላው ደጋ የጤና ባለሙያ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ተግባራዊ ነገር አጭር ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ደም ላይ ጠመዝማዛው ተሕዋስ ከታየ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይሰጣል፤ ከዚያ ታማሚው ወደ ቤቱ አይሰናበትም። ብዙ ሰዓት በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡት ሰው መርፌውን ተወግቶ በዚያው ቃሬዛ ወደ ገደሉ ማዶ ቢመለስ፣ ግፊቱ የሚወድቅበት ሰዓት መንገድ ላይ ያገኘዋል። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ተጋድሞ ይቆይ፣ ብቻውን እንዳይነሣ ይደረግ፣ ግፊቱ በየሰዓቱ ይለካ፣ የደም ሥር ፈሳሽ በቅርብ ይዘጋጅ። ልብሱም ይቀቀል።